ሰፌዱ ላይ ያለው ነጭ ቦሎቄ፦ የማይታየው ዘረመል እንዴት ይቆጠራል?

እህቴ የመጀመሪያ እርግዝናዋን ክትትል ጀምራ በመጣችበት ሳምንት፣ ካርዷ ላይ «አር ኤች ኔጋቲቭ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እማዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለማግሥቱ የሚቀቀለውን ቦሎቄ ትለቅማለች። ታላቋ አክስቴ ካርዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «እናትሽም አባትሽም ፖዘቲቭ ናቸው። አንቺ ታዲያ ይኼን ከየት አመጣሽው?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ግን የእማዬ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል። አንዱ ቤት ሳቅ ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ቤት በሆዱ ይዞት ዓመታት ይከርማል። መልሱ ግን እማዬ ጭን ላይ ነበር፤ ቀይና ነጭ ቦሎቄ ተቀላቅሎ። ሰፌዱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

በየሰው ሁለት ፍሬ

ብዙውን ዘረመል የምንይዘው በጥንድ ነው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንድ ዘረመል የተለያየ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ እያንዳንዱን መልክ የሙያው ሰዎች አሌል ይሉታል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሌል ማለት አንድ ፍሬ ቦሎቄ ነው።

ቀዩ ፍሬ፣ ቀይ የደም ሴል ላይ ዲ የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው አሌል ይሁን። ነጩ ደግሞ የማይሠራው ወይም ከነጭራሹ የጎደለው። ፕሮቲኑ እንዲሠራ አንድ ቀይ ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ቀይ የያዘ ሰው ፖዘቲቭ ነው፤ አንድ ቀይና አንድ ነጭ የያዘም ፖዘቲቭ ነው። ኔጋቲቭ የሚሆነው ሁለት ነጭ የገጠመው ብቻ ነው። የጤና ባለሙያው ደም ሲመረምር የሚያየው ፕሮቲኑን እንጂ ፍሬዎቹን አይደለም፤ ካርዱ ላይ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ሲጻፍ ከኋላው ነጭ ፍሬ ይኑር አይኑር አይታወቅም።

አንድ ቀይና አንድ ነጭ በእማዬ ፊት፣ አንድ ቀይና አንድ ነጭ በአባቴ ወንበር ፊት አስቀመጥሁ። ወላጅ ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ ደግሞ ዕጣ ነው። እማዬ ነጩን የመስጠት ዕድሏ ግማሽ፤ የአባቴም ግማሽ። ሁለቱም ነጭ የሚሰጡበት ዕድል የግማሽ ግማሽ፣ ከአራት አንድ። እህቴ ያንን ዕጣ ያወጣች ልጅ ናት። ነጩን ከእናቷም ከአባቷም እኩል ወርሳለች፤ ከሌላ ከማንም አላመጣችውም።

አክስቴ ግን በዚህ አልረኩም። «በዘራችን አይተነው አናውቅምኮ» አሉ። እዚህ ላይ ጥያቄው ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ አገር ይሻገራል፦ ሳይታይ በሰዉ ውስጥ የሚዞረው ነጭ ስንት ነው?

ከረጢቱን ሳይፈቱ መቁጠር

አንድ ከረጢት አስቡ። የአንድ ሕዝብ ፍሬ ሁሉ ተደባልቆ እዚያ ውስጥ አለ። ከመቶው ፍሬ 70ው ቀይ፣ 30ው ነጭ ይሁን እንበል። ከመቶ ፍሬ ነጩ ያለው ይህ ድርሻ ነው የአሌል ድግግሞሽ የሚባለው። ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ፍሬ አውጡ፤ ምን እንደሆነ ጻፉና መልሱት፤ ከዚያ ሁለተኛ አውጡ። ሁለቱ ፍሬዎች አንድ ልጅ ናቸው።

ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድል 0.7 ሲባዛ በ0.7፣ ማለት 49 ከመቶ። ሁለቱም ነጭ 0.3 ሲባዛ በ0.3፣ ማለት 9 ከመቶ። የቀረው 42 ከመቶ ድብልቅ ነው። ስለዚህ ከመቶ ሰው 91ዱ ፖዘቲቭ፣ 9ኙ ኔጋቲቭ ይባላሉ።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። በእውነተኛው ዓለም ከረጢቱን ማየት አንችልም፤ የምናውቀው ካርዱን ነው። አንድ ከተማ ውስጥ መቶ ሰው ተመርምሮ 9ኙ ኔጋቲቭ ሆኑ እንበል። እነዚህ 9 ሰዎች ምን እንደያዙ በእርግጠኝነት እናውቃለን፤ ሁለት ነጭ። የነጩ ድርሻ በራሱ ተባዝቶ ነው 0.09 የሆነው። እንግዲያው በራሱ ሲባዛ 0.09 የሚሰጠውን ቁጥር እንፈልግ፤ ትምህርት ቤት ስኩዌር ሩት ያልነውን። መልሱ 0.3 ነው። ከረጢቱ ሳይፈታ ነጩ 30 ከመቶ እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ ተነሥተን ፖዘቲቭ ከተባሉት 91 ሰዎች 42ቱ ነጭ ፍሬ ይዘው እንደሚኖሩ እናውቃለን። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ለአክስቴ ያሳየኋቸው ቀጣዩ ስሌት ነው። አንድ ኔጋቲቭ ሰው ሁለት ነጭ አለው፤ አንዱን የሰጠችው እናት ሌላ አንድ ፍሬ አላት። ያ ሌላው ፍሬ ቀይ የመሆን ዕድሉ 70 ከመቶ ነው። የአባትም እንዲሁ። ሁለቱም ወላጆች ቀይ ኖሯቸው ፖዘቲቭ የሚባሉበት ዕድል 0.7 ሲባዛ በ0.7፣ ማለት 49 ከመቶ። ስለዚህ በዚህ ከረጢት መሠረት ከኔጋቲቮች ግማሽ ያህሉ ሁለቱም ወላጆቻቸው ፖዘቲቭ ናቸው። የእኛ ቤት ነገር የተለመደው ነገር ነው።

የአንድ ሐኪምና የአንድ የሒሳብ ሰው ሥራ

የዚህ ስሌት መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ቦታ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1908 የባሕርይ ውርስን የሚያጠናው ሬጂናልድ ፐኔት አንድ ጥያቄ ገጠመው፦ ጎልቶ የሚታየው ባሕርይ ድብቁን እየሸፈነው ከሄደ ከጊዜ ብዛት ሁሉን አይውጥም ወይ? ፐኔት ካምብሪጅ ወዳለው ወዳጁ፣ የሒሳብ ሊቁ ጎድፍሪ ሃሮልድ ሃርዲ ዘንድ ወሰደው። ሃርዲ ለ«ሳይንስ» መጽሔት በጻፈው አጭር ደብዳቤ አይውጥም አለ። ሽፋን ሌላ፣ ብዛት ሌላ ነው። ነጩ ፍሬ በቀዩ ጥላ ሥር ቢሆንም አልጠፋም፤ ለልጅ ሲተላለፍ ከቀዩ እኩል ዕጣ አለው። የሚያዳላ ነገር ከሌለ የከረጢቱ ድርሻ ከትውልድ ትውልድ እንዳለ ይቆያል።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ ይኖር የነበረ ቪልሄልም ቫይንበርግ የተባለ ሐኪም ይህንኑ ነገር በንግግር አቅርቦ ነበር። ጽሑፉ በጀርመንኛ ስለነበር በእንግሊዝኛው ዓለም ሳይታወቅ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። ዛሬ ሕጉ የሁለቱንም ስም ይዞ የሃርዲና ቫይንበርግ ሚዛን ይባላል።

ፍሬው ሦስት ዓይነት ሲሆን

ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው የደም ዓይነቶች ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነበሩ። ካርል ላንድሽታይነር በቪየና ሦስቱን ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን አራተኛው ኤቢ ቀጥሎ መጣ። መወረሳቸው ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ቢታወቅም የውርሱ መንገድ ግን አከራከረ። የቀደመው አስተሳሰብ ሁለት የተለያዩ ዘረመሎች አሉ የሚል ነበር፤ አንዱ ኤን፣ ሌላው ቢን የሚያወጣ፣ እርስ በርስ የማይነካኩ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሉድቪክ እና ሃና ሂርሽፌልድ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በሳሎኒካ ግንባር ከብዙ አገር የመጡ ወታደሮችና ስደተኞች ተሰብስበው አገኙ። ከ8,000 በላይ ሰው ደም መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1919 አሳተሙ። በመረመሩት ሕዝብ ሁሉ ውስጥ ኤም ቢም አለ፤ የሚለያየው ድርሻው ነው። አንዱ ዘንድ ኤ ይበዛል፤ ሌላው ዘንድ ቢ። ከረጢቶቹ የተለያዩ ቢሆኑም ፍሬዎቹ አንድ ናቸው። ይህንን ቁጥር በኋላ ሰውን በዘር ለመደልደል የተጠቀሙበት ነበሩ፤ ሂርሽፌልድ ራሱ በናዚዎች ዘመን ዋርሶ ጌቶ ውስጥ ከታጎሩት አይሁድ አንዱ ሆነ። የራሱ ቆጠራ ግን አንድም ሕዝብ የብቻው ፍሬ እንደሌለው ነበር የሚናገረው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ጎቲንገን የነበረው የሒሳብ ሰው ፌሊክስ በርንሽታይን አንድም ጠብታ ደም ሳይመረምር፣ ታትመው በወጡት ቁጥሮች ብቻ ክርክሩን ቋጨው። ዘረመሉ አንድ ነው፤ ፍሬው ግን ሦስት ዓይነት አለው ብሎ አሰበ፦ ኤ፣ ቢ እና ኦ። ኦ ድብቁ ነው።

በቀላል ቁጥር እንሞክረው። ከመቶ ሰው 36ቱ ኦ፣ 28ቱ ኤ፣ 28ቱ ቢ፣ 8ቱ ኤቢ ይሁኑ። ኦ የሆነ ሰው ሁለት የኦ ፍሬ አለው፤ የ0.36 ስኩዌር ሩት 0.6 ነው። የኦ ድርሻ 60 ከመቶ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ኤንና ኦን አንድ ላይ ደምሩ፤ 64 ሰዎች። እነዚህ ምንም የቢ ፍሬ የሌላቸው ናቸው፤ የ0.64 ስኩዌር ሩት 0.8 ነው። ከ80 ላይ 60ው የኦ ከሆነ የኤ ድርሻ 20 ከመቶ። የቀረው 20 የቢ።

አሁን ፈተናው መጣ። በዚህ ስሌት ኤቢ የሚሆነው ሰው 0.2 ሲባዛ በ0.2፣ እጥፍ ሲሆን 8 ከመቶ ነው፤ ልክ እንደታየው። የቀደመው አስተሳሰብ እውነት ቢሆን ግን፣ ኤ ያለው 36 ከመቶ፣ ቢ ያለውም 36 ከመቶ ስለሆነ፣ ሁለቱ የሚገጣጠሙበት 13 ከመቶ ገደማ በሆነ ነበር። በርንሽታይን የእውነተኛዎቹን ሕዝቦች ቁጥር ሲያስገባ ኤቢ በየቦታው የቀደመው አስተሳሰብ ከሚጠብቀው ያነሰ ሆኖ አገኘው። በመቁጠር ብቻ፣ ማይክሮስኮፕ ሊያሳየው የማይችለው ነገር ታየ።

ስንት ሰው ይበቃል?

ከመቶ ሰው 9ኙ ኔጋቲቭ ሲሆኑ ነጩን 30 ከመቶ አልነው። ግን በማግሥቱ ሌላ መቶ ሰው ብንመረምር 7 ወይም 12 ልናገኝ እንችላለን። አንድ እፍኝ ከጆንያው ሲዘገን ልክ እንደ ጆንያው አይሆንም። በመቶ ሰው ናሙና እውነተኛው ድርሻ ከ21 እስከ 39 ከመቶ ባለው መካከል ይሆናል ብሎ መናገር ነው የሚቻለው። ሰዉ ወደ 1,000 ከፍ ካለና 90ው ኔጋቲቭ ከሆኑ መካከሉ ጠብቦ ከ27 እስከ 33 ይሆናል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናው አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ጥሩ ቆጠራ ገንዘብና ትዕግሥት የሚበላው።

የዲኤንኤ ምርመራ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። የፍሬዎቹን ቀለም በቀጥታ ስለሚያሳይ ስኩዌር ሩት አያስፈልግም፤ ከመቶ ሰው 200 ፍሬ ቆጥሮ ነጩን ለ200 ማካፈል ነው። በዚህ ምሳሌ በዲኤንኤ የታየ መቶ ሰው፣ በደም ካርድ ብቻ ከታየ 217 ሰው ጋር እኩል መረጃ ይሰጣል። በፖዘቲቮቹ ውስጥ የተሸሸገው ነጭ አሁን ስለሚቆጠር ነው።

ስሌቱ የሚሳሳትበት

የናሙናው ብዛት ብቻውን አያድንም። ሁለት ጆንያ ሳታውቁ ብትቀላቅሉ ምን ይሆናል? በአንዱ ነጩ 10 ከመቶ፣ በሌላው 50 ከመቶ ይሁን፤ አማካዩ 30 ነው። የመጀመሪያው ሕዝብ ውስጥ ኔጋቲቭ የሚሆነው 1 ከመቶ፣ ሁለተኛው ውስጥ 25 ከመቶ ነው። እኩል እኩል ደባልቀን ስንቆጥር 13 ከመቶ ኔጋቲቭ እናገኛለን፤ ስኩዌር ሩቱ 36 ከመቶ ይላል። እውነቱ ግን 30 ነው። ስለዚህ አዋቂ ቆጣሪ «ስንት ሰው?» ከማለቱ በፊት «ከየት ከየት የመጣ ሰው?» ይላል። ደም ባንክ የመጣውን ሰው ብቻ መቁጠርም እንዲሁ ያሳስታል፤ ኦ ኔጋቲቭ ለሁሉ ስለሚሰጥ ያ ሰው በተደጋጋሚ ተጠርቶ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው የጋብቻ ነገር ነው። ስሌታችን ሰው ከከረጢቱ በዕጣ እንደሚወጣ ቆጥሯል። ለደም ዓይነት ይህ ያስኬዳል፤ ካርድ አይቶ የሚያገባ ብዙ የለም። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ግን ከአንድ አያት የወጣ አንድ ፍሬ በሁለት መንገድ መጥቶ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኝ ይችላል። በከረጢቱ ውስጥ የነጩ ድርሻ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሁለት ነጭ የመገጣጠሙ ነገር ነው። ነጩ ብዙ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ነጩ ከመቶ አንድ ብቻ የሆነ፣ ሁለት ሲሆን የሚያሳምም አሌል ቢሆን ግን፣ ባዕዳን ከተጋቡ ከ10,000 ልጆች 1 ይታመማል፤ የአጎት ልጆች ከተጋቡ 7 ያህል። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች የአሌልን ስም አልሰሙም፤ ልማዳቸው ግን ይህን ዓይነቱን መገጣጠም በእጅጉ ያርቃል።

ቆጠራው የሚያድነው ሰው

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ከእህቴ እንጀምር። ኔጋቲቭ እናት ፖዘቲቭ ሕፃን ስትፀንስ የሕፃኑ ደም ከእሷ ደም ጋር ከተቀላቀለ ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራ ይችላል፤ የሚቀጥለውን ፅንስ የሚጎዳው እሱ ነው። መከላከያው ፀረ ዲ መርፌ በእርግዝና በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ለአንድ ክልል ስንት መርፌ ይገዛ? የከረጢቱን ድርሻ ያወቀ ይመልሳል፤ ነጩ 30 ከመቶ በሆነበት ቦታ ከ1,000 እርግዝና 90ዎቹ የኔጋቲቭ እናቶች ናቸው፤ አባት ቀይ የመስጠት ዕድሉ 70 ከመቶ ስለሆነ 63ቱ ፖዘቲቭ ሕፃን ይይዛሉ። የድግግሞሽ ቁጥር መጋዘን ውስጥ የመርፌ ቁጥር ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ እኛን በቀጥታ ይነካል። ለሕመምና ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው የሚሠራው። ይህንን የሚለውጠው ኢንዛይም ዘረመል ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰው ይህ ዘረመል ተደጋግሞ የተጻፈበት አሌል አለው፤ ኮዴይኑን በፍጥነት ስለሚለውጠው በተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ትንፋሽ እስከማዳከም ይደርሳል። እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ይህን የተደጋገመ አሌል ይዘው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ከመቶ ሰው ጥቂቶች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው።

ይህንንም በቦሎቄው ልናደርገው እንችላለን። 29 ከመቶው ቢያንስ አንድ ካላቸው፣ 71 ከመቶው ምንም የላቸውም፤ የ0.71 ስኩዌር ሩት 0.84 ገደማ ነው። የተደጋገመው አሌል ድርሻ 16 ከመቶ ያህል ሆነ። የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በተቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነው። ያልተቆጠረ ሕዝብ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይለብሳል፤ ኮዴይን ላይ ደግሞ ልኩ ሲሳሳት የሚያጥረው እስትንፋስ ነው። ስለዚህ ናሙና ሲሰበሰብ ለምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ተረድቶና ፈቅዶ መሳተፍ የራስንም የልጅንም መድኃኒት ልክ ማስያዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አክስቴ ሁለት ፍሬ ከሰፌዱ አነሡ። «እንግዲህ እኔም ፖዘቲቭ ነኝ። እኔስ ነጭ ይዤ ይሆን?» አሉ። ለማናውቀው ፖዘቲቭ ሰው ቢሆን መልሱ ከ91 ሰው 42ቱ፣ ማለት 46 ከመቶ ነበር። አክስቴ ግን የእማዬ እህት ናቸው፤ እማዬ ደግሞ ነጭ እንዳላት እህቴ አረጋግጣልናለች። በጠረጴዛችን ከረጢት ይህ ዕድላቸውን ወደ 67 ከመቶ ያደርሰዋል፤ ከሦስት ሁለት እጅ። ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አንዱን ቀይ፣ አንዱን ነጭ መርጠው በራሳቸው ሲኒ አጠገብ አኖሩ።

እማዬ ሰፌዱን ወሰደች፤ መልቀሟንም ቀጠለች።